የእናቴ የበሶ ማድጋ

ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት፣ ምን ጥልቅ አድርጎኝ እግዜርን ልፈትን ገባሁ! ሞኝ ብቻ ብሆን ደግ ነበር፤ ሆዳምም ነበርኩ።

ትናንት የልጅ ልጄ ከመካነ ሰላም ገበያ ያመጣችውን በሶ ስትፈታው፣ የተቆላው ገብስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሳላውቀው እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ይቺ እጅ አርጅታም መደበቅ አልተወችም!

ገብሱን ውርጭ የበላው ዓመት ነበር፣ ሰባት ዓመቴ። ቄሱ ስለዚያች ማድጋዋ ስላላለቀባት መበለት ነገሩን። በረሃቡ ነቢዩን አበላች፣ ዱቄቷ ግን ጉድል አላለም አሉ። እኔማ ከቤተስኪያን ቤት እስክደርስ አሰብኩበት። የኛ ማድጋ ከሷ በምን ያንሳል?

እናቴ በሶ ባነሳች ቁጥር ፊቱን በመዳፏ ደልደል አድርጋ በጣቷ መስቀል ታሰምርበታለች። ለበረከት ነው፤ የነካውንም ሰው ያጋልጣል። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ በበሩ ሽንቁር በምትገባው ብርሃን እፍስ አድርጌ እቅማለሁ። ደረቁ በሶ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ከዚያ ደልደል፣ ከዚያ መስቀሉን መልሼ ማስመር። አቤት ድፍረቴ! ሌብነቴን በመስቀል ስሸፍን!

ማድጋው ግን የቄሱን ስብከት አልሰማ ኖሮ ጎደለ።

አንድ ጠዋት እናቴ ማድጋውን አቅፋ፣ «ለዚያች የሞላህ ጌታ፣ ከኔ የምታጎድለው ምን ብበድልህ ነው?» ስትል ሰማኋት። ቀጥላ ጎንበስ አለችና ጣቷን በመስቀሉ መስመር ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየች። ስንበላ ድርሻዋን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ «ብይ፤ እኔ ስለት አለብኝ፣ ጦመኛ ነኝ» አለችኝ።

የፍስክ ወር እኮ ነበር! አዲስ እህል እስኪደርስ ማታ ማታ ብቻ እየቀመሰች ከረመች። እኔም ድርሻዋን በላሁ። «እኔ ነኝ» የምትለዋ ቃል ከበሶው ጋር ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቃ ቀረች። በኔ ጦስ ከእግዜር ጋር እንደተቀያየመች የሞተች እየመሰለኝ ስንት ዘመን አንገቴን ደፋሁ።

ትናንት ጨከንኩና ለጎረቤቴ፣ ለሼኩ ሚስት፣ ዘረገፍኩላት። ጭራሽ ሳቀችብኝ።

«ወላሂ አንቺስ አሁንም ልጅ ነሽ! የሰባት ዓመት ልጅ ጣትና የእናት ጣት አንድ ነው? አውቃ ነው የጦመችው።»