ደህና ነኝ እያልኩ በቃሬዛ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ስለሚያናድደኝ አልረሳሁትም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ የለም። ሁሉም የሚያወራው ግን ገልብጦ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የውሃ ፓምፕ መጠገን የተማርኩት አንድ የተጣለ ፓምፕ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ መልሼ ፈትቼ ነው። ዛሬ ከቀወት እስከ አጣዬ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ እምቢ ሲለው የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ድምፁን ሰምቼ ብቻ የቱ ጋ እንዳመመው እናገራለሁ። ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። መነጽር የማደርገው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ ሙሉ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ «አባዬ፣ ብቻህን መኖር ይበቃሃል፤ ከእኔ ጋር ትኖራለህ» እያለች ትነዘንዘኛለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልጠግን? በክረምቱ ፓምፕ ላወጣ ጉድጓድ ውስጥ መግባቴን አንዱ ወሬኛ ነግሯት ደግሞ ነገሩ ባሰ።

በዚያ ሳምንት ባሏንና ልጆቿን ይዛ መጣችና «እስቲ አብረን እንረፍ» ብላ ወደ ተራራው ወሰደችኝ። ከከተማችን በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ውሃ አለ። እኛ ድሮ ኩሬ ነበር የምንለው፤ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው አህያውን የሚያጠጣበት። አሁን ዳር ዳሩን ጎጆ ቤቶች ሠርተውበት፣ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ፣ ሐይቅ ተብሏል። ይባል። በስም አልጣላም።

የተጣላሁት በሰሌዳው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ስንገባ በሩ አጠገብ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። እንግዳ የሚመርጣቸው የእግር ጉዞዎች ተጽፈውበታል። ከላይ «ቀላል፦ የሐይቁን ዳር መዞር፤ ለሕፃናትና ለአዛውንት» ይላል። ከሥር «መካከለኛ፦ እስከ ሾላው ዛፍ»። ከዚያ ሥር በቀይ ቀለም «ከባድ፦ እስከ ገደሉ አፋፍ፤ ለጠንካሮች»።

አንብቤ ስጨርስ አስጎብኚው መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ከልጆቹ ጋር ሐይቁን ይዞራሉ። መሐል ላይ አግዳሚ ወንበር አለልዎት» አለኝ።

«አፋፉ ጋ ነው የምሄደው» አልኩት።

«ከባድ ነው አባባ።»

«ለማን?»

«ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«አንተ መቼ አወቅከኝና?»

እኔ በዚያ መንገድ ፓምፕ ተሸክሜ ደጋ ወጥቻለሁ። ሕፃናትና አዛውንት ብሎ በአንድ መስመር አሰረን። አፉን የፈታው ትናንት የሆነ ሕፃንና እኔ እኩል አግዳሚ ወንበር ታዘዘልን።

ልጄ ሙሉ ጭቅጭቁን ሰምታ መጣች። እሷም እንደ እኔ እልኸኛ ናት፤ ከማን ወረሰችው? ጥቂት አሰበችና እንግዳው ሁሉ እየሰማ «እሺ አባዬ፣ እንወራረድ» አለች። «አፋፉ ድረስ በእግርህ ወጥተህ፣ በእግርህ ከምሳ በፊት ከተመለስክ ሁለተኛ አዲስ አበባ ና አልልህም። ካልሆነ ግን በዚሁ ሳምንት ዕቃህን ጠቅልለህ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ያንተስ?»

«የእኔም።»

ቤቴን፣ የተከልኩትን ማንጎ፣ መፍቻዎቼን፣ ሁሉን በአንድ ጠዋት መንገድ ላይ አስያዝኩ። ቅንጣት አልፈራሁም።

አወጣጤን ያየ ይመስክር። ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ወጣቶች አብረውን ነበሩ፤ የብረት ምርኩዝ ይዘዋል፣ ውሃ የሚጠባ ቱቦ ጀርባቸው ላይ አለ። በየመታጠፊያው እየቆምኩ ጠበቅኳቸው። አስጎብኚው ሁለት ጊዜ «እንረፍ» አለ። የተናገረው ለእኔ አስቦ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ራሱ ነው ያለከለከው።

አፋፉ ላይ ደርሰን ቁልቁል ስናይ ቆላው በሙሉ ተዘርግቷል። የሮቢ ወንዝ፣ ማሽላው የታጨደበት መሬት፣ የሽንኩርቱ አረንጓዴ፣ አስፋልቱ ላይ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ሁሉ ይታያሉ። የእነማን ፓምፕ የት እንደሚሠራ በጣቴ ላሳያቸው ጀመርኩ። እነሱ ግን ለአገሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ። ብዙ ጠበቅኩ። በኋላ አስጎብኚውን «ቀድሜ እወርዳለሁ» አልኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ቀስ ይበሉ አባባ» አለኝ።

ሾላው ጋ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ። ጫማው ሙሉ ለጉዞው ብላ የገዛችልኝ ነው፤ በራሴ ጫማ ብሆን ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ለምሳ ገና ብዙ ጊዜ ነበረኝ። አንዱን ጫማ አውልቄ ጠጠሩን አራገፍኩ። ጥላው ደስ ይላል። ጋደም አልኩና ዝንቡ ሲያስቸግረኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። አሸለበኝ። ደክሞኝ አይደለም። ያልደከመውም ሰው ጥላ ካገኘ ያሸልበዋል።

ዓይኔን ስገልጥ ቅርንጫፉ በላዬ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ፊቱን ተከናንቦ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ መንገድ ዳር ተዘርግቶ አገኙ። ቢጠሩኝ አልሰማሁም ይላሉ። ሊሸጡት ከያዙት አጣና ሁለቱን መርጠው፣ በመጫኛ ጠፍረው፣ ጋቢ አንጥፈው ቃሬዛ ሠሩና አነሱኝ።

ከተማ ላደጋችሁት ላስረዳ። በእኛ አገር ቃሬዛ ሲመጣ ያየ ወንድ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። በሽተኛው የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የራሴ መንገድ ወዲያ ነው አይልም። እኔም ስንቱን ተሸክሜያለሁ። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ደህና ሰው ሲያነሱበት ግን ምን ይባላል?

«አውርዱኝ» አልኩ።

«ነፍስ አላቸው» አለ አንዱ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሌላው። ይህኛው መሐመድ ይባላል፤ ማንጎ በአህያ ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረ የይፋት ነጋዴ ነው። ቃሬዛውን ሲያይ አህያውን አዙሮ ወደ መጣበት ከእኛ ጋር መውረድ ጀምሯል።

«ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ» አልኩ።

ከፊት በቀኝ የያዙት ጠና ያሉ ሰው፣ አቶ ደምሴ፣ ዞርም አላሉ። «ደህና ነኝ ያላለ በሽተኛ ተሸክሜ አላውቅም። አይናገሩ አባቴ፣ ይደክምዎታል።»

«ተኝቼ እኮ ነው!»

«አዎ፣ እንደሱ ነው የሚያደርገው» አለ ከኋላ የያዘው ሽፈራው የሚባል ግዙፍ ሰው። «የአጎቴን ልጅም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ነበር።»

«ተሻለው?» አለ መሐመድ።

«የለም።»

«ጫማዬስ የት አለ?» አልኩ።

«ጫማ ይላሉ፤ መቃዠት ጀመሩ» አለ ሽፈራው። «ፈጠን እንበል።»

ፈጠኑ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ልነሣ ስል ቃሬዛው ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር «አንቀጠቀጣቸው» ይላሉ። ዝም ስል ደግሞ «ደከሙ» ይላሉ። ውርርዱ በአጣና ላይ ተጋድሞ ቁልቁል ይሄዳል፤ እኔ ከላዩ ነኝ።

ትንሽ እንደሄድን አስጎብኚው እየሮጠ ደረሰብን። እፎይ አልኩ። ስንወጣ ሲያለከልክ የነበረው እሱ ነው፤ ይመሰክርልኛል። ሰውየው ግን ፊሽካውን ነፋና ስልኩን አወጣ።

«ሙሉ፣ አትደንግጪ፤ አባባ ወድቀዋል።»

«አልወደቅኩም! ጋደም ነው ያልኩት!»

«ይናገራሉ፣ አዎ። ግን ትንሽ ይዘባርቃሉ።»

ይህን ቃል እስክሞት አልረሳለትም።

ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ሽፈራው ልቅ ድንጋይ ረገጠና እግሩ ታጠፈ። ቃሬዛውን አልለቀቀም፤ ይህን አመሰግንለታለሁ። ቀስ ብሎ አስቀመጠኝና እሱ ቁጭ አለ። ቁርጭምጭሚቱ እያየነው አበጠ። እኔ ከቃሬዛው ዘልዬ ወረድኩ።

«ይተኙ አባቴ» አሉ አቶ ደምሴ።

«ከእኔና ከእሱ መራመድ የሚችለው ማን ነው?» አልኩና ፊታቸው ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ፤ በአንድ ጫማ። መሐመድ ከአህያው ጭነት ላይ ሌላውን ጫማዬን ፈትቶ ሰጠኝ። አቶ ደምሴ እግሬን እያዩ ቆሙ።

«ይሄዳሉ እንዴ?» አሉ።

«ከሾላው ጀምሮ ምን እያልኳችሁ ነው?»

ሽፈራውን በእኔ ቦታ አስተኛነው፤ የፀሐዩን ነገር አይቼ ነጠላዬን ፊቱ ላይ ጣል አደረግኩለት። አሁን አንድ ተሸካሚ ጎደለ። አስጎብኚው ስልክ ላይ ነው። ትከሻዬን ከአጣናው ሥር አስገባሁ።

«ኧረ እርስዎ ይተዉ» አለ መሐመድ።

«ቃሬዛ ያየ ወንድ እጁን አጣጥፎ ያልፋል?» አልኩት። ከፊት በግራ የነበረውን ወደ ኋላ ልኬ ቦታውን ያዝኩ። ሽፈራው እንደ ትልቁ ፓምፕ ይከብዳል፤ ሐይቁ ዳር እስክንደርስ ትከሻ አልቀየርኩም።

ሙሉ ከሩቅ እያለቀሰች ስትሮጥ አየኋት። ፈገግ ብዬ ጠበቅኳት። በአጠገቤ አልፋኝ ሄደች። እጅጌዬን እየነካች አልፋኝ፣ ቃሬዛው ላይ ተደፍታ «አባዬ!» እያለች ነጠላውን ገለጠች። ጢማም ደገኛ ቀና ብሎ አያት።

«አባትሽ ፊት ናቸው፤ እየተሸከሙኝ ነው» አላት ሽፈራው።

ዞር ብላ አየችኝ።

«በእግሬ መጣሁ፤ ከምሳም በፊት ነው» አልኳት።

ሽፈራው ዝም ቢል ኖሮ እዚያው አልቆ ነበር። እውነተኛ ሰው ነኝ ባይ ሆኖ «ከሾላው እስከ እዚያ ጥግ ድረስ እንኳ እኛ ነን ያመጣናቸው» አለ። አስጎብኚውም ራሱን ነቀነቀ። ጠቡ እስከ ምሳ ድረስ ቆየ። እኔ፦ ሳልስማማ የተሸከሙኝ አይቆጠርም። እሷ፦ ውርርድ ውርርድ ነው።

ሽፈራውን ወደ ሐኪም የሚያወርደው መኪና ሲመጣ መሐመድ አህያውን ወደ ተራራው አዞረ። ሙሉ ተከትላው ሄደች።

«ወደ ላይ ነበር እንዴ የምትሄደው?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ወርደህ መልሰህ ልትወጣ? አባቴን ታውቀዋለህ?»

«የት አውቃቸውና?»

«ታዲያ?»

መሐመድ ጥያቄው ግራ ገባው። «ቃሬዛ ነዋ እህቴ» አለና አህያውን ነዳ።

ሙሉ ምሳ ላይ እህል አልቀመሰችም። በኋላ «አባዬ፣ እኔ በር ለበር ያለውን ጎረቤቴን ስሙን አላውቀውም» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ። ደረጃ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? እዚሁ ኑር፤ አልወስድህም።»

«በእግሬ መመለሴን አመንሽ ማለት ነው?»

«አላመንኩም። ውርርዱን ተሸንፈሃል። የተውኩህ የሚሸከምህ ስላለ ነው።»

ይኸውላችሁ። ቤቴ ነኝ፤ ማንጎዬም ፓምፖቼም አሉ። ግን ያሸነፍኩት በራሴ እግር ሆኖ ሳለ በሰው ትከሻ ተብሎ ተመዘገበብኝ። ሽፈራው እግሩ ድኖ በገበያ ቀን እየመጣ ይጠይቀኛል፤ ለሰው ሁሉ «ተሸክሜያቸው ነበር» ይላል። እኔም ወዲያው «ተሸክሜው ነበር» እላለሁ። ሰዉ የሚስቀው በእኔ ንግግር ነው። ሰሌዳውም እንደ ቆመ ነው፤ እንዲያውም ሙሉ እንደነገረችኝ አስጎብኚው ከሥሩ «አዛውንት ብቻቸውን መውረድ አይፈቀድም» ብሎ ጨምሮበታል።

እኔ እንደ ወትሮዬ በእግሬ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ፤ መንገድ ላይ ሳርፍ ቆሜ ነው የማርፈው።