እማሆይ ሽማግሌ ሆነው የመጡ ዕለት

እማሆይ ወለተ ሐናን መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ቡሬ አጠገብ በሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት የአዳሪዎች ኃላፊ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የገዳሙ እንጂ የመንግሥት አይደለም። የከተማ ልጆች በተመላላሽ፣ እኛ የገጠሮቹ በአዳሪነት እንማርበታለን። ተመላላሾቹ ማታ ማታ ቤታቸው ገብተው እናታቸው ላይ ይሞላቀቃሉ፤ እኛ ከእማሆይ ጋር እንቀራለን። ጠዋት አልጋችንን ይፈትሻሉ፣ ጥፍራችንን ያያሉ፣ ፀጉሯን ያላበጠረችውን ከሰልፍ ያስወጣሉ። ጮኸው አይቆጡም። ያጠፋችው ልጅ ፊት ሄደው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ እስክትናገር ድረስ ንቅንቅ አይሉም። እግራቸው የሚደክም አይመስለኝም ነበር።

ትውልዳቸው መራዊ ገጠር ነው። በልጅነታቸው ተድረው፣ ባላቸው ሲሞት መነኮሱ። ፊደል የቆጠሩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሲያነቡ ጣታቸው ከመስመሩ አይለይም። ስለ ትዳራቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለጥምቀት ሽንዲ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ለካ አባቴ ላቀው ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ሊድረኝ ሽማግሌ ተልኮበት፣ የመልሱን ቀን ቆርጦ ኖሯል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። የሽማግሌ ፊት መመለስ ግን አይሆንለትም። "ማንበብና መጻፉን ችለሻል፣ ይበቃሻል" አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ታንጉትም አጠገቤ ተቀምጣ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ትምህርት ተከፍቶ አልጋዬ ባዶውን ሲቀር፣ አብራኝ የምትማረው የአገሬ ልጅ ሥርጉት የሰማችውን ለእማሆይ ነገረቻቸው።

የመልሱ ቀን ጠዋት ውሻው ሲጮህ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እማሆይ፣ የግእዝ መምህራችን መሪጌታ ሀብተሚካኤልና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ አድማሴ ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። እስከ ሽንዲ በእህል መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በእግር ነው የመጡት።

"ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ" አለ አባቴ።

"እንቆማለን፣ አያ ላቀው። ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣን" አሉ እማሆይ።

"ለማን?"

"ለትምህርት ቤቱ።"

አጥር ላይ የነበረ ጎረቤት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። "ሴት ሽማግሌ ሁና ስትመጣ አይቸ አላውቅም፣ እማሆይ።"

"ዛሬ አዩ።"

አባቴ ጭንቅ ያዘው። በአገሩ ደንብ፣ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም፤ የልጅ አባትም ሽማግሌን አያባርርም። "ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። ቀጠሮ ልስጣችሁ" አለ።

"መልካም። ቀጠሮው እስኪደርስ እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን።"

ቆሙ። ፀሐይዋ በረታች። ጋሼ አድማሴ በትራቸውን ተደገፉ፣ መሪጌታ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉ። እማሆይ አባቴ ላይ ያንን የማውቀውን ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። እናቴ ያወጣችውን ውሃ ማንም አልነካውም። የባለጸጋው ሽማግሌዎች ሲደርሱ፣ ቀድሞ የቆመን አልፎ መናገር ነውር ሆነባቸውና ከኋላ ተሰለፉ። ይኼኔ እናቴ ማሰሮዋን አስቀምጣ ሄደችና ከእማሆይ ጎን ቆመች። በአባቴ ፊት እንዲህ ስታደርግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

አባቴ ሁለቱን ሴቶች አየ። መሬቱንም አየ።

"እስከ መቼ ነው የምትፈልጓት?"

"ተምራ እስክትጨርስ።"

"በሉ ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።" ከኋላ ወዳሉት ዞሮም "እናንተም ይቅር በሉኝ፤ ልጅቱ ተሰጠች" አላቸው።

እማሆይ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን ሳወልቅላቸው እግራቸው አብጧል። እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ። "ጥፍርሽ አድጓል" አሉኝ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ነርስ ነኝ። ቴዎድሮስ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ፣ አባቴ "እኔ እንደሁ ድሮ ሰጥቻታለሁ። ቡሬ ሂዱና እማሆይን ጠይቁ" ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄደው ቆሙ። እማሆይ አርጅተዋል፤ ወንበር አስወጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና የምሳ ደወል እስኪደወል አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ "ልማር ብትል ይከለክላታል?" ብለው ጠየቁ። እንደማይከለክል ሽማግሌዎቹን አስምለው አስገዝተው ነው የፈቀዱላቸው።

ቴዎድሮስ "ሽማግሌዎቼን ፀሐይ ላይ አስቆሙብኝ" እያለ እስካሁን ያማርራል። ያማርር። እሳቸው ለእኔ ከዚያ የበለጠ ቆመዋል።