ከመፈረሜ በፊት የመረጥኩት ሙያ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የለበስኩት ቱታ ገና እጥፋቱ አልለቀቀም ነበር። የክፍላችን ጋራዥ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ የጦር ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ አዳራሽ። በሩ ላይ ቆሜ መድረሴን ተናገርኩ። የጋራዡ አለቃ ከአንድ ብረት ለበስ ሥር ተስቦ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። ማዕረጉ ከሃምሳ አለቃ አንድ ደረጃ ከፍ ስለሚል «ስታፍ» ብለን ነው የምንጠራው።

«ማነው እዚህ የመደበሽ?» አለኝ።

«እኔው ነኝ የመረጥኩት፣ ስታፍ።»

«ማሞቂያ ያለው ቢሮ ሞልቶ?»

«አዎ፣ ስታፍ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። የቆዳ ጓንት ወረወረልኝና መሬት ላይ የተዘረጋ የዊንች፣ የመጎተቻው ማሽን፣ ገመድ አሳየኝ። ከአውራ ጣት የወፈረ የብረት ገመድ ነው። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሺው። የተበጠሰ ክር ካለ ጓንትሽን ይይዘዋል። ሲይዝሽ እዚያው ቁሚና ጥሪኝ» አለኝ።

እየተንበረከክሁ ስዳስስ ዋልኩ። ሲይዘኝ እጠራዋለሁ፤ መጥቶ ያያል፣ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ ምንም ሳይናገር ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ገመዱ ከአገልግሎት ወጣና አዲስ ተጠቀለለ። ጉልበቴ ተልጦ ነበር። ያም ሆኖ የዚያን ዕለት ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነው የቆጠርኩት፤ እኔ ያገኘሁትን ጉድለት አለቃዬ ተቀብሎ ገመድ ቀይሯል።

ሙያዬን እንግሊዞቹ ሪከቨሪ መካኒክ ይሉታል። መንገድ ላይ የተበላሸ፣ የተገለበጠ ወይም ጭቃ የዋጠው የጦር ተሽከርካሪ ሲኖር የምንጠራው እኛ ነን። እዚያው ከተጠገነ እንጠግነዋለን፤ ካልሆነ ጎትተን እናወጣዋለን።

ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት ለንደን ውስጥ፣ ስቶክዌል ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ። በትንሽነቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ ያደግሁት እዚያ ነው። አንድ ጠዋት ከሰፈራችን ማዞሪያ አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የፊት አክስሉ ተሰብሮ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ፖሊስ ይጮኻል። ከዚያ ጎታች መኪና መጣ። አንድ ሰውዬ ወረደና መጀመሪያ አውቶቡሱን ቀስ ብሎ ዞረው። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። ቀጥሎ ሠንሰለት አጠለቀ፣ ማንሻውን ነካ፣ ያ ሁሉ ብረት ከመሬት ተነሣ። ጩኸቱ ቆመ። እኔም ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

የእንግሊዝ ሠራዊት ይህን ሙያ እንደሚያስተምር የሰማሁት ከትምህርት ቤት አማካሪዬ ነው። ማታ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ ያኔ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በጽዳት ሥራ ላይ ነበር። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ሳህኑን ወደ እናቴ ገፋ አደረገ። ከዚያ «ወታደር ቤት ሥራ መምረጥ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

«እዚህ አለ፣ አባዬ። ከመፈረምሽ በፊት ነው የምትመርጪው ብለውኛል።»

«እንደዚያ ይላሉ።»

ያን ጊዜ ነው ታሪኩን የነገረኝ። ወታደር እንደነበር አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ልጅ እግር ሆኖ ናዝሬት በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ መካኒክነት ይማር ነበር። የጋራዡ ባለቤት ኩሽኔታ ገዝተህ ና ብለው ላኩት፤ መንገድ ላይ አፈሳ ገጠመውና ካምዮን ላይ ጫኑት። ማሠልጠኛው ጣቢያ ሲደርሱ አንድ ጸሐፊ ስሙን ጠየቀው። ስሙን ነገረውና «መካኒክ ነኝ» ሲል ጨመረለት።

«ጸሐፊው ቀና ብሎ አላየኝም» አለ አባቴ። «‹ሥራ የምንሰጥህ እኛ ነን› አለኝ። እግረኛ ብሎ ጻፈኝ። ጓዶቼን ቀብሬ፣ ሱዳን ተሻግሬ፣ እዚህ እስክደርስ አንድ ቡሎን በእጄ አልያዝኩም።»

እናቴ «በቃ ልጄ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ሥራ አልታየኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሠራዊቱ መልማይ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። የመግቢያውን የኮምፒውተር ፈተና አልፌ ሥራ የሚመረጥበት ዕለት ነው። ከቤት ልወጣ ስል አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ፣ ክራባት አስሮ በሩ ላይ ቆሟል። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። ሥራ እንዳለበት አውቃለሁ፤ አስፈቅዶ ነው የቀረው።

መልማዩ ጎልማሳ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ሰው አክባሪ። ለአባቴ ወንበር ሳበለትና ሥራዎቹን አንድ በአንድ ያስረዳኝ ጀመር። አስተዳደር፣ ሕክምና ረዳት፣ ምግብ ዝግጅት፣ መገናኛ፣ ሾፌርነት። እኔ ሪከቨሪ መካኒክ አልኩት።

«ከባድ ነው። ዝናብና ጭቃ ውስጥ ነው የምትውዪው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ኮምፒውተሩን ቼክ አደረገ። «ለዚያ ሙያ ሥልጠና ቦታ የሚኖረው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ለሾፌርነት ግን በሚመጣው ወር ክፍት አለ። ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ ግቢና ከውስጥ ሆነሽ ትቀይሪያለሽ። አንዳንዱ ይሳካለታል።»

በሚመጣው ወር። ጓደኞቼ ሁሉ ኮሌጅ ገብተዋል፤ እኔ ብቻ ቤት ቀርቻለሁ። አባቴ እንግሊዝኛው ባይሞላም ነገሩ ገብቶታል። «አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ» አለኝ። «መካኒክ ብላ ከፈረመች በኋላ፣ ነገ ተነሥታችሁ ሌላ ልታደርጓት ትችላላችሁ ወይ?»

ተረጎምኩለት። መልማዩ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቴ ዞሮ መለሰ። «ውሉ ላይ ሙያው ከተጻፈ የምትሠለጥነው በእሱ ነው። ሥልጠናውን ከወደቀች ግን ወደ ሌላ ልንወስዳት እንችላለን። ይህን አልደብቅዎትም።»

«መውደቅ የራሷ ጉዳይ ነው» አለ አባቴ። ትንሽ አሰበና «ሰውዬው እውነተኛ ነው» አለኝ፣ በአማርኛ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፈርሚም፣ አትፈርሚም አላለኝም። ዓይኑን ብፈልግ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«እጠብቃለሁ» አልኩ።

መልማዩ አልተከፋም። «ወረፋ ላይ አስገባሻለሁ። እስከዚያው እጅሽን ሥራ አታስፈቺ» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ለብዙ ቀን ሳይተኛ እንደከረመ እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

እጄን ሥራ አላስፈታሁም። ስቶክዌል ውስጥ ከባቡር ድልድይ ሥር ካሉት ቅስቶች በአንዱ አንድ ትንሽ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱን ለምኜ ጎማ መቀየርና ዘይት ማፍሰስ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ አባቴ ምሳ ይዞልኝ መጣና አንድ ቫን ሥር እጁን ሰደደ። «ካቻቢቴ አቀብዪኝ» አለኝ።

ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እኔ የማውቀው የእንግሊዝኛውን ስም ነው። በጣቱ ብሎን መፍቻውን አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፤ የመሣሪያውንና የመኪናውን አካል ስም በሙሉ በናዝሬት ጋራዥ ቋንቋ ከአባቴ ተማርኩ። እጁ አልረሳም ነበር። ባለቤቱ «አባትሽ ለምን እዚህ አይሠራም?» ብሎ ጠየቀኝ። ለአባቴ ነገርኩት። እሱም ሳቀና «አሁንማ ተራው የእሷ ነው» አለ።

ጥሪው ሲመጣ ሄድኩ። መጀመሪያ ወታደርነቱን፣ ቀጥሎ ሙያውን ሠለጠንኩ። የዊንች አሠራር፣ የክብደት ስሌት፣ ፑሊ የሚባለው የገመድ መዘውር አጠቃቀም፣ ከባድ መኪና ከነተሳቢው መንዳት። ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንመረቅ ወላጆቼ መጡ። አባቴ ሰልፉን አየና አጨበጨበ፤ ዓይኑ ግን ሜዳው ዳር የቆመው ጎታች መኪና ላይ ነበር። አሠልጣኛችንን ጠይቄ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጥኩት። የዊንቹን ማንሻዎች አንድ በአንድ አስረዳሁት። እስክጨርስ በጥሞና አዳመጠኝ፤ ከዚያ እሱም እንደ አሠልጣኝ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ገመዱ ቢበጠስ ሰው የት ይቆማል?» ለፈተና የጠየቁን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች «ልጅዎ ወታደር ሆነች አሉ?» ሲሉት «መካኒክ ናት» ይላቸው ነበር። «የምትሠራው ወታደር ቤት ነው።»

በአሥራ አለቃነቴ ዘመን ዌልስ ተራሮች ውስጥ ልምምድ ላይ ነበርን። ዝናቡ ለቀናት አላባራም። በሬዲዮ ጠሩን፤ አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ተንሸራቶ የኋላ ጎማዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። ደርሰን ስናይ ሾፌሩ አሁንም ጋቢና ውስጥ ነው። ዳኒ የሚባል ገና ጀማሪ ልጅ። ታች ወንዙ ይሰማል።

የጦሩ አዛዥ ወጣት መቶ አለቃ ነበር። «መጀመሪያ ልጁን እናውጣው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ፊቱ ከቀለለ ኋላው ይወርዳል ብዬ እፈራለሁ። መጀመሪያ ልያዘው።»

መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። «የምትፈልጊውን ንገሪኝ» አለ።

«ሰዎቹን ከገመዱ ያርቁልኝ።»

ወዲያው አራቃቸው። ጎታቿን ከላይ በኩል አቁሜ መሬት የሚነክሰውን ብረት አወረድኩ። ረዳቴ ገመዱን እየሳበ ወረደ፤ እኔ በደረቴ ተስቤ የጭነት መኪናው የፊት መጎተቻ ላይ አጠለቅሁት። መኪናው ሲያቃስት ይሰማኛል። ዳኒ ከላይ ሆኖ በሩን ሊከፍት ዳዳው።

«ዳኒ፣ እግርህን ከፍሬኑ እንዳታነሣ። ቁርስ ምን በላህ?»

«ምን?»

«ቁርስ።»

«ባቄላ» አለ። ስለ ባቄላው እያወራን ሁለተኛውን ገመድ በፑሊ አድርገን ከዛፍ ጋር አሠርን፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት። ከዚያ ዊንቹን ቀስ እያልኩ አወጠርኩት። መኪናው ጋደል ካለበት ቀና ሲል ገመዱ እንደያዘ አወቅሁ። «አሁን ውረድ፣ በዚህኛው በር» አልኩት። ወረደ። ጭቃው ላይ ተቀመጠ። መኪናውን ጎትተን መንገዱ ላይ አቆምነው፤ ሞተሩ እንኳ ተነሣ።

ቆይቶ ሳስበው፣ ዳኒ የተቀመጠበት ወንበር መልማዩ «በሚመጣው ወር ክፍት አለ» ያለኝ የሾፌር ወንበር ነው። ሾፌርነት የተከበረ ሥራ ነው፤ ያለ እነሱ ጦር አይንቀሳቀስም። እኔ ግን ያን ዕለት መሆን የምፈልገው ከገመዱ ጋር ነበር፤ የነበርኩትም እዚያው ነው። የአገልግሎት ዘመኔን ስቈጥር ከሁሉ የምኮራበት ቀን ያ ነው።

የሃምሳ አለቃ ማዕረግ ይዤ ለቀቅሁ። ሥራ ፍለጋ ብዙ አልተንከራተትኩም። ክሮይደን አካባቢ ከባድ መኪና የሚጎትት ድርጅት ውስጥ አፕላይ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ «ስንት ዓመት አገልግለሻል?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ግቢው ውስጥ ወደተገለበጠ ተሳቢ ወስዶ «እንዴት ታነሺዋለሽ?» አለኝ። ነገርኩት። በሰኞው ጀመርኩ። አሁን አውቶቡስም ካምዮንም ከለንደን መንገድ ላይ አነሣለሁ።

ልጃቸው ወታደር መሆን ሲያስብ አንዳንድ ወላጆች ይደውሉልኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሼፈርድስ ቡሽ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ደወሉ። ልጃቸው ዮናስ ወታደር ሊሆን ነው፤ የመረጠው ምግብ ዝግጅት ነው።

«ወጥ ቤት፣ ልጄ» አሉኝ። «ለዚህ ነው ያስተማርኩት? አንቺ የሚያኮራ ነገር ምረጥ በይው።»

«እርስዎ ቤት ማን ነው የሚያበስለው?»

«እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ምን ልበለው፣ እትዬ? ስልኩን ይስጡትና ላናግረው።»

ዮናስ ስልኩን ተቀበለ። «I know what I want፣ እማዬ ነች የማትሰማው» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ውሉ ላይ ሙያው ተጽፏል ወይ? ገና ነው፣ ሌላ ክፍት ቦታ ቶሎ አለ ብለውኛል አለ። ጠብቅ አልኩት። ጠበቀ። ዛሬ የክፍሉን ሰው ሁሉ የሚያበላ ወጥ ሠሪ ነው፤ እናቱም የላከላቸውን ፎቶ ለሰው ያሳያሉ።

ወታደር ልትሆኑ የምታስቡ ልጆች ካላችሁ የምለው ይህ ነው። ሙያውን የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ አንድ ቀን ሲሠራ እዩ። የምትፈልጉት እሱ ከሆነ፣ ስሙ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሙ። ቶሎ የሚገኘውን ትታችሁ የእናንተን ጠብቁ። ወራቱ ያልፋሉ፤ ሙያው ግን ከሠራዊቱ ስትወጡም አብሯችሁ ይወጣል።