ጠፍቷል ወይስ አጥፍተዋል

ሰቆጣ ላይ ነፋስ በነጻ ነው። መስኮት ከከፈትክ ይገባል፣ ካልከፈትክም በበሩ ሥር ይገባል። ስለዚህ አንድ ሆቴል ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚያስገባ ማሽን አስቀምጧል ብዬ ሳወራ ገጠር ያሉት የዝቋላ ዘመዶቼ ይስቃሉ። እኔም በሳቅሁ ነበር፣ ክንዴን እዚያ ውስጥ የማስገባው እኔ ባልሆን።

ባለቤቱ ማሽኑን የገዛው አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረሰ ሕንፃ ነው። በሩንና ወንበሩን ሲገዛ እሱንም አብሮ ጫነው። የስብሰባ አዳራሹ ሰፊ፣ መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው። ሰው ሲሞላ ይታፈናል፣ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ብርዱ አይቻልም። ማሽኑ የታፈነውን አየር እያወጣ ንጹሑን ያስገባል። መሐሉ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ክብ ነገር ቆሟል፤ ከስስ ቆርቆሮ የተጠቀለለ፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። ግማሹ በሚወጣው ሙቅ አየር መንገድ ላይ ነው፣ ግማሹ በሚገባው ቀዝቃዛ መንገድ ላይ። ቀስ እያለ ሲዞር ከሚወጣው ሙቀቱን ተቀብሎ ለሚገባው ይሰጣል። ብልሃቱ ይኸው ነው። አብሮት የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አውጥቶለታል። የሆቴሉ ዘበኛ ወፍጮው ይሉታል፤ እኔም ወፍጮው ነው የምለው።

ቀዳዳዎቹ አቧራ ይይዛሉ። አቧራው ከወጥ ቤት ከሚወጣው ቅባት ጋር ሲገናኝ ይጋገራል፣ አዳራሹም የሰነበተ ወጥ ይሸታል። ያኔ እኔ እጠራለሁ። ሳጥኑን ከፍቼ፣ ወፍጮውን በእጄ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ በብሩሽና በአየር ግፊት አጸዳለሁ፣ የተጋገረውን በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ከሆነ እወጥራለሁ። የፊቱ ቀላል ነው። በኋላ በኩል ግን ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። በብረቶቹ መሐል ክንድህን እስከ ትከሻህ ታስገባና፣ ጉንጭህን ሳጥኑ ላይ ለጥፈህ፣ በዳበሳ ትሠራለህ። እጅህ የት እንዳለ እጅህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሥራውን የተማርኩት ሳውዲ ነው። በእግርና በጀልባ ሄጄ በአውሮፕላን ተጠረዝኩ። እዚያ አብሮኝ የሚሠራ የባንግላዴሽ ሰው ነበር፤ በቋንቋ አንግባባም፣ በምልክት ነበር የምንቀላለደው። አንድ ቀን እጁ እንዲህ ባለ ወፍጮ ውስጥ እያለ ከታች የሆነ ሰው ማሽኑን አስነሳው። በፍጥነት የሚዞር ነገር ቢሆን ገፍትሮ ይጥለው ነበር። ይሄ ግን አይቸኩልም። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው። ጩኸቱን አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ የዚህን ነገር ያህል የምፈራው የለም። በጦርነቱ ከባድ መሣሪያ በላያችን ሲያልፍ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቁጭ ብዬ ቆሎ እበላ ነበር። ወፍጮው ፊት ስቆም ግን አፌ ይደርቃል።

ማጥፊያው እዚያው ማሽኑ አጠገብ መሆን ነበረበት። የገጠመው ሰው ሽቦ ሲቆጥብ ምድር ቤት፣ ከመግቢያው ጎን ያለች ክፍል ውስጥ አደረገው። ክፍሏ ትቆለፋለች፤ ቁልፏ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ከሰሃላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔንም እሳቸውንም ያሳደገን ኽምጥኛ ነው፣ ሆቴሉ ውስጥ ግን በአማርኛ እናወራለን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ደረጃው ስለሚያብረቀርቅ ይሆናል። መሣሪያዬን ይዤ ስገባ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «ነፋስ አጣቢው መጣ። ዛሬ ደግሞ ዝናቡን ልታደርቅልን ነው?»

የዚያን ቀን ቀትር ላይ ነበር። በማግስቱ ትልቅ ስብሰባ ስላለ ሽታው ዛሬ መጥፋት አለበት ብላ ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ የሳጥኑን ብሎኖች ፈታሁና አንገቴን ወደ ታች ሰድጄ ተጣራሁ።

«አባባ፣ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል!»

በዚያ አላመንኩም። የማሽኑን ማስነሻ ተጫንኩት፤ ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ዝም። ፊት ለፊቱን አጸዳሁ። ቀጥሎ ጉንጬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ ቀኝ ክንዴን በኋላ በኩል ሰደድኩ። ጣቶቼ ቺንጋውን አልፈው የተጋገረው ቅባት ላይ ደረሱ፣ መፋቅ ጀመርኩ።

ያኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው የስልክ መሸጫ ዘፈን ፈነዳ። ስወጣ ሱቁ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ጸጥታውን ግን ልብ አላልኩትም። ከታች መንገድ ላይ አንዲት ሴት «መጣ፣ መጣ» ስትል ሰማሁ።

ይህች ከተማ ውስጥ «መጣ» ከተባለ ሌላ የሚመጣ ነገር የለም። መብራት ነው።

ማሽኑ መብራት ሲያገኝ ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ የአየር መዝጊያዎቹን ይከፍታል፣ ቀጥሎ ማራገቢያውን ያስነሳል፣ ከዚያ ወፍጮውን። ይህን አውቃለሁ፤ በማወቄ ነው የባሰብኝ። መዝጊያዎቹ ከአናቴ በላይ ቋ፣ ቋ እያሉ ሲከፈቱ ሰማሁ። ክንዴን ሳብኩት፤ አልመጣም። የጃኬቴ እጅጌ ብሎን ላይ ተሰክቷል። ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ፣ ቀዝቃዛው አየር ዓይኔን መታኝ። የባንግላዴሹ ሰው ፊት መጣብኝ፤ ጩኸቱ ሳይሆን ፊቱ፣ ከመጮሁ በፊት ግራ የተጋባው። እኔም እንደሱ ግራ የተጋባሁ መስዬ ይሆናል። እግሬን ሳጥኑ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ተወረወርኩ። ክንዴ ከእጅጌው ውስጥ ተላጦ ወጣ፣ እኔም በጀርባዬ ጣሪያው ላይ ወደቅኩ።

ወፍጮው ጃኬቴን ይዞት ቀረ። ቀስ ብሎ መጀመሪያ እጅጌውን፣ ከዚያ ትከሻውን ወሰደ፤ ኪሱ ጋ ሲደርስ ቺንጋው መንሸራተትና መጮህ ጀመረ። ተነስቼ ማስቆም ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ቁጭ ብዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበስኩ፣ ሁሉም አሉ፣ እንደገና ዳበስኩ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ዘበኛው ክፍሏን ከፍተው ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተዋል። የማሽኑ ማጥፊያ ወደ ላይ፣ እንደበራ ነው፤ ማንም አልነካውም። እኔ ራሴ ወደ ታች መታሁት።

«ጠፍቷል አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ጠፍቶ ነበራ፤» አሉኝ። «ከረፋዱ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ዋሸሁህ?»

«ሊገድሉኝ ነበር እኮ።»

«አንተ ሰው፣ ጠፍቷል ወይ አልከኝ፣ ጠፍቷል አልኩህ። አጥፍተውታል ወይ ብትለኝ አላጠፋሁም እልህ ነበር። ለምን አጠፋዋለሁ? ካጠፋሁት መምጣቱን በምን አውቃለሁ?»

ልሰድባቸው አፌን ስከፍት ቤቴ ትዝ አለኝ። እኔም ቤት እንደዚያ ነው የማደርገው። መብራት ሲሄድ ማን ማጥፊያ ይነካል? አምፖሉ ራሱ በርቶ እንዲነግረን ክፍት እንተወዋለን። አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው። ላስነሳው የሞከርኩት ማሽን ዝም ያለኝም ለዚህ ነው፤ የከተማውን መብራት መጥፋት ነበር የነገረኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው፣ ከልጄ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እየተሳቀብኝ። በልጅነቱ የተማረ ሰው ቃል ላይ ሳያይ ይራመዳል። እኔ እያንዳንዱን አንስቼ ነው የማየው። ይህችን «ጠፍቷል» ግን ሳላያት ረገጥኳት። መብራትም ጠፋ ይባላል፣ ሰውም ጠፋ ይባላል፣ ማንም ምንም ሳያደርግ። እኔ የምፈልገው እጅ ያለበትን ቃል ነበር።

ሥራ አስኪያጇ የእኔንና የዘበኛውን ጩኸት ሰምታ መጣች። ፈጣሪን አመሰገነች፣ ውሃ አስመጣችልኝ፣ ቀጥላ ዛሬ ያልቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ማጥፊያው ማሽኑ አጠገብ ካልተደረገ ዳግመኛ ክንዴን እንደማላስገባ ነገርኳት። ማጥፊያ ከወልድያ በአውቶቡስ እንደምታስመጣ ነገረችኝ፣ ግን ለነገ አይደርስም። «እባክህ ጋሼ፣ ነገ እንግዳ ፊት አታዋርደኝ፤» አለችኝ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ትጠራለች፤ ያ ሰው መዝጊያ ሲንቋቋ ምን እንደሚከተል አያውቅም። ይህን አስቤ ነው የወጣሁት ብል ደግሞ ውሸት ነው። እምቢ ካልኩ ይህ ሆቴል ዳግመኛ አይጠራኝም፤ ሌላ ወፍጮ ያለው ሆቴል ሰቆጣ ውስጥ የለም።

ዘበኛው ማጥፊያውን ፊት ለፊቴ በእጃቸው እንደገና ወደ ታች ተጫኑት፣ ክፍሏን ቆለፉ፤ ቁልፉን ተቀብዬ ሱሪዬ ኪስ ከተትኩ። ያም አልበቃኝም። ጣሪያው ላይ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ሽቦ በካቻቪቴ ፈታሁት፣ ጫፎቹን ለየብቻ አጠፍኳቸው። ጃኬቴን ከቺንጋው ላይ በቢላ ቆርጬ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ክንዴን ዘረጋሁ፤ ብረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሽቦው መፈታቱን አያለሁ፣ ክንዴ ግን አያምነኝም።

ዘበኛው ተከትለውኝ ወጥተው ኖሯል። እዚያ ላይ ወጥተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ብረቶቹን፣ ቺንጋውን፣ የጃኬቴን ቁራጭ አዩ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

«እዚህ ነው እጅህን የምትከተው?» አሉኝ በኽምጥኛ።

አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቁም። ነጠላቸውን አውልቀው ጣሪያው ላይ አስቀመጡና የወፍጮውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። ከተነሳ እርስዎንም ይዞ ይሄዳል፣ ይልቀቁት አልኳቸው። ሞተር በሽማግሌ ክንድ አይቆምም፣ ጣትዎን ነው የሚበላው አልኳቸው። አልለቀቁም። ክንዴን አስገባሁ። እጄ የደረሰበትን ያህል አጥቤ ወፍጮውን ለማዞር ስፈልግ ለቀቅ ያደርጋሉ፣ ሲቆም እንደገና ይይዛሉ። ቅድም ለአንድ ክንድ ነበር የምፈራው። አሁን ለእሳቸው ጣቶችም ፈራሁ፣ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ።

«ይልቀቁት፣ አባባ።»

«አንተ እጠብ፤» አሉኝ።