ስለ ፀሐይ የሰጠሁት ምስክርነት

ባለቤቴና እኔ ፍራንክፈርትን ለቀን ስፔን፣ ባሕር ዳር ያለች አንዲት ከተማ የገባነው በመስከረም ነው። በየካቲት እኔ ብቻዬን ለአሥር ቀን ተመልሼ መጣሁ። ምክንያቴ አንድ ወረቀት ነበር። ከጀርመን ጠቅልሎ የሚወጣ ሰው እኛ ቀበሌ የምንለው ቢሮ ሄዶ «ለቅቄያለሁ» ብሎ መፈረም አለበት። አብሜልዱንግ ይሉታል። ባለቤቴ ገና ሳንነሣ ፈርሟል፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። በፖስታም ይቻል ነበር። እኔ ግን ራሴ ካልቀረብኩ ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የሄድነው ለእሱ ትንፋሽ ነው። አስም አለበት። ፍሉግሃፈን የሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ኖሮ፣ ደረቱ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። ኡንተርሊደርባህ ሰፈር የነበረው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ መኝታ ቤት ሲተነፍስ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ሲር ሲር ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ቦታ ያርፋል። ድምፁ ከፍ ካለ ውኃ አፈላለሁ፣ ትራሱን ከፍ አደርጋለሁ፤ ዝቅ ካለ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። እኔም እዚያው ፍሉግሃፈን አውሮፕላን አጸዳ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሐኪሙ «የባሕር አየር ቢያገኝ» ባለ በወሩ ባለቤቴ ቤት አገኘ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ። ሆኽስት ውስጥ ከጀርመኖች ተከራይተን ከሰዓት በኋላ የምንገባበት አዳራሽ አለ። «እግዚአብሔር ፀሐይ ሰጠን!» አልኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። በእኛ ዘንድ የሚመሰከረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። እኔ ግን ሳላየው መሰከርኩ፤ ላልተወለደ ልጅ ገንፎ ማገንፋት ማለት ይኸው ነው። ዕቃችንን በሙሉ አረጋውያን መንከባከቢያ ለምትሠራ አንዲት የጉባኤያችን እህት ሰጠናት። የመኖሪያ ወረቀቷን ካገኘች ገና ዓመት አልሞላትም፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት። አከራያችን ቤቱንም ለእሷ አዛወረላት።

ከተማዋ ቆንጆ ናት፤ መዋሸት አልችልም። ባሕሩ ከበረንዳችን ይታያል። ብርቱካን መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው የለም። ባለቤቴ በሁለተኛው ወር የሚነፋውን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጡረታ ከወጡ ዓሣ አጥማጆች ጋር ዶሚኖ ይጫወታል፤ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አላውቅም፣ ግን እየሳቀ ይመጣል። ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ ቲማቲም ተሸክሞ፣ እያዜመ።

እኔ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ምንም አይሰማኝም። ማዘን እንኳ አላዝንም፤ ያዘነ ሰው ቢያንስ ያለቅሳል። ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፣ ሳህን አጥባለሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚባለው ተረት አንዳንዴ ትዝ ይለኛል፤ ጉባኤ ውስጥ የሚነገር አይደለም እንጂ። ተኝቼ የለመድኩትን ድምፅ እጠብቃለሁ፣ የለም። ባሌ እንቅልፉን አገኘ፣ እኔ እንቅልፌን አጣሁ። ሰውን እንዴት «ስለዳንክ ግራ ገባኝ» ይሉታል? «እንዴት ነው ታዲያ?» ሲለኝ «ደስ ይላል» እላለሁ።

ፍራንክፈርት ስደርስ ያረፍኩት ያቺው እህት ዘንድ፣ ማለት በቀድሞ ቤቴ ነው። «እትዬ፣ እንኳን ደኅና መጡ! ይግቡ፣ ቤትዎ ነው» አለችኝ። ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ እግሯን መሬት መታችና «ናይን! ዳስ ኢስት ማማስ ሽቱል!» ብላ ጮኸች። የእማዬ ወንበር ነው ማለቷ ነው።

«ዝም በይ አንቺ! እትዬ፣ ይቅር ይበሏት፣ ልጅ ናት።»

«እውነቷን እኮ ነው» ብዬ ተነሣሁ። የሰጡትን ዕቃ መልሶ የእኔ ነው ማለት ነውር ነው። ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ብከፍት ማንኪያዎቹ የሉም፤ ምድጃው አጠገብ አዛውራቸዋለች። ሃያ ዓመት ወዲያና ወዲህ ስመላለስ አልታየኝም እንጂ ትክክለኛ ቦታቸው እዚያ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ማሞቂያው አየር ይዞ ሲር ሲር ይላል። መቼ እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ስነቃ መሽቷል፣ ብርድ ልብስ ለብሻለሁ።

«ማሞቂያው ረበሽዎት አይደል?» አለች። «የሕንፃው ሃውስማይስተር መጥቶ አየሩን ያስተነፍሰዋል፣ ለነገ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።»

«እኔ እስክሄድ ተይው» አልኳት።

እሑድ አዳራሽ ስንገባ መጋቢው ገና ከበሩ አየኝ። «እህታችን ከፀሐይ አገር መጥታለች፣ እስቲ መስክሪልን!» አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ፊት ለፊት አንድ ስልክ ቆሟል፤ ጉባኤው ራቅ ላሉት በቀጥታ ይተላለፋል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሆኖ አንድ እሑድ አምልጦት አያውቅም። እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «ባለቤቴ ድኗል።» እልልታ። «መድኃኒቱን ትቷል፣ ዳገት ይወጣል።» እልልታ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሁሉም ደኅና ነበር።

«እኔ ግን እዚያ ምንም አይሰማኝም» አልኩ። «ደስታም፣ ኀዘንም። ባለፈው ሳላይ መስክሬ ነበር። አሁን አይቼ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው በልማድ «አሜን!» አለ። መጋቢው ማይኩን ቀስ ብሎ ተቀበለኝ፣ ኪቦርድ መቺውም ደግነቱ ቶሎ መዝሙር አነሣ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርቶቹ የተሰቀሉበት ጥግ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«አየሁሽ» አለ ባለቤቴ።

«ድምፁ ይሰማ ነበር?»

«ጥርት ብሎ።» ጆሮዬ ልማዱን አይተውም፣ ከቃሉ በፊት ትንፋሹን ፈለግሁ። ምንም የለበትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና ‹ደስ ይላል› ስትዪኝ የከረምሽው?»

ካፖርቴን ከመስቀያው አወረድኩ።

«እመለሳለሁ» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ ቤት እንፈልጋለን።»

በበሩ መስታወት ውጭው ይታየኛል፤ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። እዚህ ሲመጣ ደረቱ ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። ከስንት ወር በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ያ ፍርሃት ነበር።

«አትመጣም!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሽ ውስጥ ያሉት ዞረው አዩኝ። «እንዳትመጣ! ሰማኸኝ?»

ማክሰኞ ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ሰጠችኝና አዲሱን አድራሻ ሙዪ አለችኝ። ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። አምስት ወር የኖርኩበትን ቤት አድራሻ አላውቀውም። የመንገዱን ስም እንኳ አላውቀውም። አፍሬ ስልኬን አወጣሁና ለባለቤቴ ደወልኩ።

ምንም አልጠየቀኝም። የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ፎቁን፣ የከተማዋን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ እስከ መጨረሻው ነገረኝ። እኔም ጻፍኩት።