የጉዲቱ ጥቁር አፈር

ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። እንዲህ ሆኜ የሰው ታሪክ ልጻፍ ማለቴ ድፍረት ነውና ይቅር በሉኝ። የጉዲቱን ነገር ሌላ ሰው ሲጽፈው ብጠብቅ፣ ማንም አልጻፈውም።

ጉዲቱ አዳማ አጠገብ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ያላት አንድ ጓሮ ነው፤ እሱም አሸዋማ፣ ውሃም ፍግም የማይዝ። የገበሬ ማኅበሩ ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ ሲያሠራ፣ ጋዙ ለጽሕፈት ቤቱ መብራት ሆነ። የሚተርፈውን ዝቃጭ ግን የሚፈልገው አልነበረም፤ ይሸታላ! ጉዲቱ እየቀዳች ጓሮዋ ላይ ደፋችው። ፀሐዩ ሽታውን ሲወስደው ጉልበቱንም ይዞት ሄደ።

አዳማ ገበያ ከሰል የምትሸጠው ሳፊያ ከጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂ ትደፋው ነበር። ጉዲቱ ለምና አመጣችና ደረቁን በተነችው። ደረቁ ከሰል የአፈሩን ጉልበት ስለጠጣባት በቆሎዋ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

«ምነው ጉዲቱ፣ ማሳሽን ምድጃ አደረግሽው?» ብለው ጎረቤቶቿ ሳቁባት።

በዓመቱ ድቃቂውን መጀመሪያ ዝቃጩ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ከአፈሩ ጋር ቀላቀለችው። ከሰሉ የጠጣውን ያዘላት። ከዓመት ዓመት አፈሩ እየጠቆረ፣ በቆሎዋ ሰው ቢገባበት የማይታይ ሆነ።

ከዚያ የመንደር ምሥረታው መጣ። ቤት ሁሉ ፈርሶ በመስመር ይሠራ ተባለ። ጉዲቱ ቤቴን ባፈርስም ጓሮዬን እየተመላለስኩ አርሳለሁ ብላ ነበር። አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰንበታ አካፋ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ለአዲሱ መንደር የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ጭቃ አስፈልጓል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ አፈር ለምርጊት አይያያዝም እኮ።»

«ጭድ እንጨምርበታለን። ለመቆፈር ልል ነው።»

«በሞቴ፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው!»

«አፈር ወለድኩ ልትዪን ነው እንዴ?» ሰዎቹ ሳቁ።

«እሺ፣ በቆሎው ለእሸት እስኪደርስ እንኳ...»

«ስሚ ጉዲቱ፣ ነገ ጭቃ ረገጣው ላይ ያልተገኘ አዲሱ መንደር ውስጥ ቦታ የለውም። ማደሪያ አትፈልጊም?»

በቆሎው ከነሥሩ ተነቀለ። እስኪመሽ ቆፈሩ፤ ጥቁሩ አልቆ ከሥሩ ነጩ አሸዋ ብቅ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጉዲቱ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ጭዱ ተነስንሶ፣ ውሃው ተደፍቶ ነበር። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና አፈሯን መርገጥ ጀመረች።