ዳማው ፈረስ ለምን እንደ ሮጠ

ፈረሱ የሮጠው ቅዳሜ ጧት ነው። ሃያ ሰባት እርምጃ ሮጦ ቆመ። ርቀቱን በኋላ በእግሬ ለካሁት፤ በዚያች ሰዓት ግን ገመዱ ከእጄ ወጥቶ ነበር።

የምሠራው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለ የፈረስ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን ያቋቋሙት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። እግራቸው የማይታዘዝላቸው ልጆች፣ ከቤት መውጣት የሚያስፈራቸው ሰዎች፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ የሚመጡ ሴቶች ያለ ክፍያ ፈረስ ይቀመጣሉ፣ ፈረስ ያጥባሉ፣ ወይም ዝም ብለው ሳሩ ላይ ይውላሉ። እኔ ፈረሶቹን እይዛለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርሁት ሙያ አይደለም። ከተማው ውስጥ፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ጋሪ እነዳ ነበር፤ የቀረውን ከስልኬና ከፈረሶቹ ከራሳቸው ለቀምሁ። የማየውን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ሦስት ፈረሶች አሉን። ነጩ ጀርባው ሰፊ ነው። ግራጫዋ አርጅታለች፤ ሰው አናስቀምጥባትም። ጀርባው ጠባብ፣ እርምጃው የተመጠነ ዳማው ብቻ ነው። ከወረታ ለምትመጣ አንዲት ልጅ የሚሆናት እሱ ነበር። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ናቸው፤ ነጩ ላይ ስናስቀምጣት ጭኗ አልከፈት ብሎ ታለቅሳለች። ዳማው ላይ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች የፈረሱ ሙቀት ያላላታል፣ ወገቧም ቀጥ ይላል። እናቷ ወረታ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ሁሉ ሱቋን ለእህቷ ትታ፣ ልጇን ታቅፋ በሚኒባስ ትመጣለች።

የዚያን ቀን ልጅቷ ሁለቱንም እጆቿን ከኮርቻው ላይ አነሣች። ከዚያ በፊት ያለ ድጋፍ ተቀምጣ አታውቅም። እናቷ እልል አለች፤ ሌሎቹ እናቶችም ተቀበሏት። ዳማው ተነሥቶ ሮጠ።

ልጅቷ ሳሩ ላይ ወደቀች። ክርኗ ተፋቀ እንጂ ሌላ የተጎዳ ነገር አልነበራትም። ሮጬ ስደርስ ትስቅ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ምን እንደማደርገው ግን አላወቅሁም።

ሲስተር አልሳቁም። «ልጅ ጭኖ አንድ ጊዜ የሮጠ ፈረስ ሁለተኛም ይሮጣል» አሉኝ። «ለምን እንደ ሮጠ እስከ ቅዳሜ ካልነገርኸኝ ለጋሪ ይሸጣል።»

«ልጅቷስ ሲስተር?»

«እኔስ ስለማን የማወራ መሰለህ?»

ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ። አሥራ አንድ ምክንያት ጻፍሁና አንድ በአንድ መሞከር ጀመርሁ። የኮርቻው ማሰሪያ ቆንጥጦት እንደሆነ ሆዱን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ቁስል የለም። ልጓሙን አጥቤ ጠርዙን በምላሴ ሳይቀር ሞከርሁት። ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ የጉማሬ እበት አገኘሁ፤ ሽታው አስደንግጦት ይሆናል ብዬ ወሰድሁት። አሽትቶት አለፈ። ሰኞ አንድ የባጃጅ ሹፌር ለምኜ በሩ ላይ ጥሩምባ አስነፋሁ። ዳማው ማኘኩን እንኳ አላቋረጠም።

«ለሙሽራ ነው ለፈረስ ነው ይኼ ሁሉ?» አለ ሹፌሩ። «አንተ ልጅ ሥራ ፈትተሃል!»

እስከ ረቡዕ ድረስ አሥራ አንዱም ተሰረዙ። የቀረኝ ፈረሱን የሰጡን ሰው ብቻ ነበሩ፤ አዊ ውስጥ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደወልሁላቸው። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የበላውን ገብስ፣ የገመዱን ርዝመት ሁሉ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

«ልጄ፣ እልል ተብሎ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ እናቶቹ…»

«ታዲያ ምን ያድርግ? ስድስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ግልቢያ እልል ሲባል ተነሥቶ እንዲሮጥ ያስተማርሁት እኔ ነኝ! እልል ተብሎ ቢቆም ኖሮ ያዋርደኝ ነበር።» ሳቁ። «እናንተ ከተሜዎች ፈረስ ስትቀበሉ ጥርሱን ታያላችሁ፤ ሥራው ምን ነበር ብላችሁ አትጠይቁም።»

ስልኩን ዘግቼ ደብተሬን ገለጥሁ። ጋማው ላይ ያረፈችው ዝንብ አረንጓዴ እንደነበረች ሳይቀር ጽፌያለሁ። እልልታው ግን የለም። ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እንደ ድምፅ አልቆጠረውም። ሌላስ ስንት እንደዚህ ያልቆጠርሁት ነገር አለ? ይህ ሐሳብ ሥራ አላሠራ አለኝ።

ሐሙስ ለሲስተር ነገርኋቸው። «አሳየኝ» አሉ። ዳማው ላይ ወጥቼ ምግብ የምትሠራልንን ወጥ ቤቷን እልል እንድትል ጠየቅኋት።

«ለምኑ?» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«ዝም ብለሽ በይ።»

«ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ! እንዲያው ከመሬት ተነሥቼ?»

«በይ እንጂ አንቺ!» አሉ ሲስተር።

አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገመች፤ ድምፅዋ ደግሞ የሚያምር ነበር። ዳማው አንገቱን ደፍቶ ሳር ነጨ።

ሲስተር አዩኝ። «ይኸው ምክንያትህ» ብለው ወደ ቢሮ ገቡ።

ለሽማግሌው እንደገና ደወልሁላቸው። «ማን ነው እልል ያለ?» አሉ።

«ወጥ ቤቷ።»

«ምን አግኝታ?»

«ምንም። እኔ ብያት ነው።»

«ለፈረስ ትዋሻላችሁ?» ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደማምን አላውቅም ነበር። ፈረስ የእውነቱን እልልታ ከውሸቱ ይለያል? ወይስ ሽማግሌው ፈረሳቸውን ላለማሳጣት ያሉት ነው? ወይስ እኔ ያላየሁት ሌላ ምክንያት አለ? ዓርብን ሙሉ ፊቱን ሳይ ዋልሁ። ጆሮው ይዞራል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ ሌላ የለም።

ቅዳሜ እናትየዋ መጣች። ሲስተር ቁጭ አድርገው፣ ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። ፈረሱ ምናልባት በእልልታ እንደሚሮጥ፣ ምናልባትም እንዳልሆነ፣ ምንም ሆነ ምን ሊሸጥ እንደሆነ። እናትየዋ ልጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ነኝ ያስሮጥሁት?»

«አላውቅም እህቴ። ሊሆን ይችላል።»

«ጥፋቱ የኔ ከሆነ እኔን አባሩኝ እንጂ! ፈረሱ ምን አደረገ?»

«አፍሽን መያዝ አትችይም ወይ?» አሉ ሲስተር።

«ወላሂ አልችልም። ስምንት ዓመት ይዤው ነበር። ሳላስበው ነው የወጣው፤ ዛሬም ሳላስበው ቢወጣስ?» ልጇን አንሥታ ሰጠችኝና ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ውጭ እቆያለሁ። ካላየሁ አልልም።»

ሲስተር ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሌሎቹን እናቶች ወደ አዳራሹ እንዲገቡ አዘዙ። «ለዛሬ» አሉኝ በመጨረሻ። «ዛሬ ደህና ከዋለ ይቆያል። እኔ ራሴ በጎኗ እሄዳለሁ፤ ገመዱን አጥብቀህ ያዝ።»

እናትየዋ ከበሩ ወጥታ ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ተቀመጠች። ቆርቆሮው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ቀዳዳም የለውም። ልጅቷን ዳማው ላይ አስቀመጥናት። ሁለት ዙር ሄድን። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ እግሮቿ ላላ አሉ። አጥሩ አጠገብ ስንደርስ፣

«ተቀመጠች?» አለች እናትየዋ ከወዲያ።

«ተቀምጣለች» አልሁ።

«አላለቀሰችም?»

«አላለቀሰችም።»

በሦስተኛው ዙር ልጅቷ ኮርቻውን ለቀቀች። መጀመሪያ ግራ እጇን፣ ከዚያ ቀኙን። ሁለቱንም ወደ ጎን ዘርግታ ሄደች። ሲስተር እጃቸውን ከወገቧ አንድ ስንዝር አርቀው፣ ሳይነኳት ተከተሏት። ካለፈው ቅዳሜ ይልቅ በብዙ እርምጃ ቆየች፤ እየቆጠርሁ ነበር። እንደገና አጥሩ ጋ ደረስን።

«እጇስ?» አለች እናትየዋ። «እጇ የት ነው ወንድሜ?»

ሲስተርን አየሁ። እሳቸውም እኔን አዩኝ፤ አላዘዙኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ያየሁትን መንገር ልማዴ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። አሁን ግን ብነግራት ከአፏ ምን እንደሚወጣ፣ ዳማውም ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ሽማግሌው እውነታቸውን ይሁን አይሁንም አላውቅም።

«ስትወርድ እነግርሻለሁ» አልሁ።

ልጅቷ እጆቿን እንደ ዘረጋች ነበር። አራተኛውን ዙር ጀመርን።